ቬሪ ጉድ

ዘጠነኛ ሐ ክፍል፣ ከድልድዩ በላይ፣
ግማሽ መስኮቱ ካርቶን የለበሰ፣ ግማሹ የሚያሳይ
የዶሮ ማነቂያን ቆርቆሮ በቆርቆሮ ላይ።

ሌላ መስኮት ደሞ ነበረን ከፊት፣
ፕላዝማ የሚሉት፣
በብረት ሣጥን የታሰረ፣ ቁልፉ ከአለቃችን አንገት።
ፍሬስብሐት ነው አለቃው፤ እንደ ቄሰ ገበዝ
መቅደስ የሚገልጥ ይመስል ቀስ አርጎ ሲከፍተው
ስድሳ አምስት ተማሪ ትንፋሹን ዋጠው።

ብቅ ትላለች ሴትዮዋ፣ ሸሚዟ ያልተጨማደደ፣
እንግሊዝኛዋ ቁልቁለት እንደያዘ ታክሲ የነጎደ።
ትጠይቀናለች።
ሰዓቷን ትለቃለች፦ አምስት፣ አራት፣ ሦስት፤
እኛ ገና ደብተር ስንገልጥ፣ ገና ላጲስ ስንዋዋስ፣
ጥያቄው ምን እንደሆነ ገና ስንጠያየቅ፣
«ቬሪ ጉድ!» ትላለች፣ ፊቷ በፈገግታ ሲደምቅ።
ማን መለሰላት? ማንም።
ከኋላ ወንበር ሙባረክ፣ በሹክሹክታ፣
«እውነትም ጉድ» ሲል ክፍሉ በሳቅ ተመታ።

መብራት የሄደ ለት እሷም ትሄዳለች፣
ዓረፍተ ነገሯን አጋምሳ ትታ፤
በማግሥቱ ስትመጣ ከሌላ ምዕራፍ ናት፣
ምን ቀረባችሁ ሳትል፣ ቅንጣት ሳታመነታ።

መምህር አንዳርጌ ያን ሁሉ ጊዜ ጥግ ይቆማል፣
ጠመኔው በመዳፉ ላብ ረጥቦ።
አምስት ደቂቃ መግቢያ፣ አምስት ደቂቃ መውጫ ተሰፍሮለት
መሐሉን የተነጠቀ ሰው።

አንድ ማክሰኞ ግን፣ ሰማዩ ዝናብ ያረገዘ፣
ሪሞቱን ያዘ፣
ድምፁን አጠፋው።
ሴትዮዋ ከንፈሯን ታላውሳለች፣ እጇን ታወናጭፋለች፣
ቃሏ ግን የለም።
«ማዳመጡ ይቆየን» አለ፤ «ዛሬ እንያት።
ማን ነው የሚቀርጻት? የቆመችበት ግድግዳ የማን ነው?
እዚያ ያሉት ልጆች ለምን አያዛጉም?
ለምን ባንድ ወንበር አራት ሆነው አልተጣበቡም?
ቬሪ ጉድ የምትለውስ ማንን ሰምታ ነው?»

ከዚያ ካርቶኑን ከመስኮቱ ነቀለ፣
መሐሉን በምላጭ አራት ማዕዘን በሳው፣
«ይሄ ካሜራችሁ ነው» ብሎ ለፊተኛው ሰጠው።

ተራ በተራ ወደ ውጭ አየን።
ሙባረክ ድልድዩን ቀረጸ፤ አውቶቡሱን አስገባ፣
ከድልድዩ ሥር የተኙትን አስቀረ።
ፍሬስብሐት ከጣሪያው በላይ ከፍ አድርጎ ያዘውና
«ሰፈራችን ሰማይ ብቻ ነው» ሲል ተከራከረ።
«አልዋሸህም» አለው መምህር አንዳርጌ፣
«ግን የቆረጥከውስ?»

ነጃት ተራዋ ሲደርስ ካርቶኑን ወደ ውጭ አላነሣችም።
ወደ ፕላዝማው ዞረች። ብዙ ቆየች።
ከመስከረም እስከ ሚያዝያ በእንግሊዝኛ ትንፍሽ ያላለች ልጅ
«ሺ ኢዝ ኖት ሉኪንግ አስ» አለች።
አንዲት ቃል ጎድላታለች፤ ብዙዎቻችን አውቀናል፣
ማንም አላረማት።
መምህር አንዳርጌ አፉን ከፈተና መልሶ ገጠመው፤
«ቬሪ ጉድ» ሊል እንደነበር እስከ ዛሬ እጠረጥራለሁ።

ርእሰ መምህሩ በሩን በረገዱት፦ «ድምፁ የታለ?»
ድምፁ ተመለሰ።
ካርቶኑ ግን ወደ መስኮቱ አልተመለሰም፤
ክረምቱ እስኪገባ በዚያ ቀዳዳ ብርድ ጠጣን።

ዘንድሮ ፒያሳ፣ ካፌ ውስጥ፣ ሻዬ እየቀዘቀዘ፣
ግድግዳውን የሞላው ቴሌቪዥን የኛን ሰፈር ያዘ።
ሰፊ መንገድ፣ አዲስ ዘንባባ፣
መብራት በረድፍ፣ የሚፈነጥቅ ውሃ፣ አበባ።
ያምራል። አልዋሸም።
ሳላውቀው ጣቶቼን አራት ማዕዘን ሠርቻለሁ፣
ከጠርዙ ወዲያ የነጃትን እናት ሱቅ እፈልጋለሁ፣
ሰማያዊ በር ነበረው፣ ማጠፊያው የሚያለቅስ።

አስተናጋጇ ጠጋ አለችኝ፤ «ድምፁን ልጨምረው?»
«አጥፊልኝ» አልኳት።
«ምስሉ ይቆይ። እያየሁ ነው።»